ከወሊድ ላረፈችና ለታመመች ድመት አዲስ ቤት መፈለግ

ስድስት ሰባት ዓመት የሞላት፣ ደጋግማ የወለደች ፐርሺያን ድመት ቤትዎ አለች እንበል። ከእንግዲህ አትወልድም። ኩላሊቷ እንደ ድሮው አይደለም፣ ድዷ ያብጣል፣ ብርድ በገባ ቁጥር ታስነጥሳለች፣ ዓይኗም ያነባል። ቤቱ ደግሞ በድመት ተሞልቷል። ወጣቶቹ እናቶች ከምግቧ ያባርሯታል፣ ያልተኮላሸው ወንድ ያስጨንቃታል፣ እሷም ቀኑን ከአልጋ ሥር ታሳልፋለች። ጸጥ ያለ ቤት ቢገኝላት ይሻላታል ብለው ማሰብ ጀምረዋል። ሐሳቡ ተገቢ ነው። ድመት የራሷ የምትለው ክልል ያስፈልጋታል፤ ከእርባታ ቤት ወጥታ ብቻዋን ወይም ከአንድ ጓደኛ ጋር መኖር ስትጀምር ዕድሜዋ የቀነሰላት የምትመስል ድመት ብዙ ናት።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በእንግሊዝ አገር ቤታቸው ውስጥ ጥቂት ድመቶች ይዘው የሚያረቡ ሰዎችን አስቤ ነው። የሕክምናው ጉዳይ የትም አገር አንድ ነው፤ አሜሪካ ወይም ሌላ ቦታ ያሉ አንባቢዎች የሕጉንና የወረቀቱን ክፍል ካሉበት አገር ጋር ያመሳክሩት። እንዲህ ያለች ድመት በቤታቸው እንዲቀበሉ የተጠየቁ ሰዎችም ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው ከዚሁ ያገኙታል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ሕመሟን በምርመራ ሳያውቁ፣ የሚታከመውን ሳያሳክሙ፣ የቀረውን በጽሑፍ ሳያሰፍሩ ለማንም አይስጧት። ሕመሟ በግልጽ ተነግሯቸው የሚቀበሏት ደግ ሰዎች አሉ። ምንም ሳይነገራቸው የወሰዷት ግን የሐኪም ቤቱ ሂሳብ ሲመጣባቸው ይደነግጣሉ፤ ይመልሷታል ወይም ለማያውቁት ሰው ያሻግሯታል። ለዓመታት ያገለገለች እንስሳ በእርጅናዋ ከቤት ወደ ቤት ስትዞር ማየት የለብንም።

መሄዷ ይጠቅማታል?

ቤት መቀየር ለድመት ከባድ ነው፤ ለታመመች ድመት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ፍለጋውን ከመጀመርዎ በፊት ሐኪሙን በቀጥታ ይጠይቁት፦ «ምን ያህል ጊዜ ጥሩ ኑሮ የምትኖር ይመስልሃል?» መልሱ በወራት የሚቆጠር ከሆነ ባለችበት ትቆይ። ኩላሊቷ በዓለም አቀፉ የአይሪስ መለኪያ አራተኛው ደረጃ ላይ ከደረሰ፣ ማለትም በደሟ ያለው ክሬአቲኒን ከ440 ማይክሮሞል በሊትር ካለፈ፣ በእኔ አስተያየት መሄዷ አይገባም። አንድ ክፍል ያስለቅቁላትና እዚያው ያስታምሟት። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ደረጃ ግን ሌላ ነው፤ በምግብና በክትትል ዓመታት የሚኖሩ ድመቶች አሉና አዲስ ቤት ቢፈለግላት ትርጉም አለው።

ሙሉ ምርመራ

ክትባት ብቻ ተወግታ መምጣቷን ምርመራ አይበሉት። ቀጠሮ ሲይዙ «ቤት ልትቀይር ነው፣ ከራስ እስከ እግሯ እንድትታይልኝ እፈልጋለሁ» ብለው ረዘም ያለ ሰዓት ያስመድቡ።

ለፐርሺያንና ከፐርሺያን ለተዳቀሉ ዝርያዎች ቀዳሚው ኩላሊት ነው። በኩላሊት ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያበቅል በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ሐኪሞች በአጭሩ ፒኬዲ ይሉታል። ከረጢቶቹ ድመቷ ስትወለድ ጀምሮ አሉ፣ በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ግን ምንም አያሳዩም። ቀስ እያሉ ያድጉና ጤነኛውን የኩላሊት ሥጋ እየተጫኑ ያሟጥጡታል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሰባት ዓመት ገደማ ላይ ነው። እዚህ ላይ ነው ለአርቢ የሚከብደው፦ ድመቷ ወልዳ ወልዳ ልታርፍ በምትቃረብበት ዕድሜ፣ በሽታውን ለልጆቿ ካስተላለፈች በኋላ መሆኑ። ለበሽታው ምክንያት የሆነው የጂን ለውጥ በ2004 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ተለይቷል። ከዚያ ወዲህ በጉንጭ ውስጥ በሚታሽ የጥጥ ዘንግ ናሙና ወስዶ ማወቅ ይቻላል። የጂን ምርመራው ከመለመዱ በፊት በተለያዩ አገሮች በአልትራሳውንድ ከተመረመሩት ፐርሺያኖች ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ከረጢቶቹ ተገኝተውባቸው ነበር።

የጂን ምርመራው በሽታው መኖሩን ይነግርዎታል እንጂ ምን ያህል እንደጎዳት አይነግርዎትም። ለዚያ አልትራሳውንድ፣ የደም ምርመራ (ክሬአቲኒንና ኤስዲኤምኤ) እና የሽንት ምርመራ ያስፈልጋሉ። የደም ግፊቷም ይለካ። የኩላሊት ሕመም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሳይታከም የቆየ ግፊት ደግሞ የዓይንን የውስጥ ሽፋን አላቆ ድመትን በአንድ ቀን ሊያሳውር ይችላል። ግፊቱ በተደጋጋሚ ከ160 በላይ ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒት ሊያስጀምራት ይችላል። በትንሽ እንክብል የሚያዝ ነገር ስለሆነ ለአዲሱ ባለቤት ፈተና አይሆንም፤ መጀመሪያ ግን መታወቅ አለበት።

ቀጥሎ ጡቶቿ። ድመት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ረድፍ ስምንት ጡቶች አሏት። ሐኪሙ አንድ በአንድ እየዳበሰ እንዲያልፍ ይጠይቁ፤ እርስዎም ቤት ውስጥ ይልመዱት። በድመት ጡት ላይ የሚገኝ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ነቀርሳ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር ብትገኝ እንኳ «እናየዋለን» ተብላ መታለፍ የለባትም።

የፐርሺያን መንጋጋ አጭር ስለሆነ ጥርሷ ይጨናነቃል፤ ድዷ ይቆጣል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ድመት ጥርሷን እያመማትም ትበላለች፤ ስለበላች አላመማትም ማለት አይደለም። ዓይኗም ትኩረት ይሻል፦ እንባዋ በፊቷ ላይ የሚፈስ ብቻ ነው ወይስ ብሌኗ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ታይቷል? ነጠብጣቡ የሞተ ሥጋ ነውና በዓይን ሐኪም መታየት አለበት። ሜይን ኩን ወይም ራግዶል ከሆነች ደግሞ ከኩላሊት ይልቅ ልብ ይቀድማል፤ የልብ አልትራሳውንድ ያስነሡላት።

በእርባታ ቤት ውስጥ ተደብቀው የሚቆዩ ተላላፊዎችም አሉ። የሉኪሚያና የኤፍአይቪ ቫይረስ ምርመራ ይደረግላት። ሰገራዋ ለረጅም ጊዜ ቀጭንና ሽታው የከፋ ከሆነ ትራይትሪኮሞናስ የሚባለው ተውሳክ በዘረመል ምርመራ ይታይ፤ ተራ የትል መድኃኒት አይነካውም። ረጅም ጠጉር ያላቸው ድመቶች ጭርትን ምንም ቁስል ሳያሳዩ በጠጉራቸው ሊሸከሙ ይችላሉ። ጭርት ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ሕፃናት፣ ይጋባል። ናሙናው በቤተ ሙከራ እስኪበቅል ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ቀደም ብለው ይላኩት፤ ነጻ መሆኗ ሳይረጋገጥ ከቤት አትውጣ።

ማምከን

ይህን ለአዲሱ ባለቤት አይተዉት። ያልመከነች እናት ድመት ማኅፀኗ መግል ሊቋጥር ይችላል፤ በጊዜ ካልተደረሰላት ገዳይ ነው። ወንድ በምትፈልግበት ወቅትም ሌሊቱን ሙሉ ትጮኻለች፣ አንዳንዷም በየግድግዳው ትሸናለች። የተቀበላት ሰው ይህን ችሎ እንዲኖር መጠበቅ ልክ አይደለም።

በቅርቡ ወልዳ ከሆነ ግልገሎቿ ጡት ከተዉ በኋላ ወተቷ እስኪደርቅ ጥቂት ሳምንታት ይጠብቁ። ያበጠ ጡት ቀዶ ሕክምናውን ያወሳስበዋል። ኩላሊቷ ደካማ ከሆነ ከማደንዘዣው በፊትም በኋላም ፈሳሽ በደም ሥሯ እንዲሰጣት፣ ግፊቷም በቀዶ ሕክምናው ሰዓት እንዲከታተሉላት ይነጋገሩ። የጥርሱ ሥራ በዚያው ማደንዘዣ ይሠራ ወይስ ለብቻው የሚለውን ሐኪሙ ይወስን፤ አፍ ብዙ ተሕዋስያን ያለበት ቦታ ስለሆነ ሆድ በሚከፈትበት ቀን መንካት የማይወዱ ሐኪሞች አሉ። ቁስሉ እስኪድን ከ10 እስከ 14 ቀን ከእርስዎ ጋር ትቆይ። ከመከነች በኋላ የምትፈልገው የምግብ መጠን ይቀንሳል፤ እንደ ድሮው ከመገቧት ትወፍራለች።

ሐኪሙ ማደንዘዣ አትችልም ካለ ማምከኑ ይቀራል። ያኔ አዲሱ ቤት ያልተኮላሸ ወንድ የሌለበትና ድመቷ ከቤት የማትወጣበት መሆን አለበት፤ ይህም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ኑሮውን ከመሄዷ በፊት ያለማምዷት

አዲስ መድኃኒት፣ አዲስ ምግብና አዲስ ቤት በአንድ ሳምንት ከመጡባት ምኑ እንዳሳመማት ማንም ሊያውቅ አይችልም። የኩላሊት ምግብ ከታዘዘላት እርስዎ ቤት ትጀምረው። ከለመደችው ጋር እየቀላቀሉ በሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ ብለው ያሸጋግሯት። ማቅለሽለሽ በያዛት ቀን አዲሱን ምግብ አያቅርቡላት፤ ሕመሙን ከምግቡ ጋር አያይዛ ለዘለዓለም ልትጠላው ትችላለች። እንክብል መዋጥም እንዲሁ ነው። የምትወድደው ነገር ውስጥ ተደብቆ ትቀበለው እንደሆነ፣ ተፈጭቶ እንደሆነ፣ ወይም አፏን ከፍቶ መስጠት የግድ እንደሆነ ፈትነው ይወቁ። ተቀባዩ ሊማር የሚገባው የሠራውን ዘዴ ነው።

በድመት ማደሪያ ወይም በአንድ ክፍል ተወስና ያደገች ከሆነ የቫኪዩም ድምፅ፣ ደረጃ፣ ቴሌቪዥን፣ ሮጦ የሚያልፍ ሕፃን ላታውቅ ትችላለች። ጥቂት ሳምንታት ሳሎን ውስጥ ታሳልፍ። ጠጉሯን ደግሞ በአጭሩ ያስቆርጡላት። ፐርሺያን በየቀኑ መበጠር አለባት፤ ያልተበጠረ ጠጉር ተቋጥሮ ቆዳዋን ይስባል፣ ያቆስላል። እንግዳ ሰውን ገና ያልለመደች ድመት ማበጠሪያ ይዞ መታገል ፍቅሩን ከጅምሩ ያበላሸዋል፤ የተቆረጠው ጠጉር ለሁለቱም የመተዋወቂያ ጊዜ ይሰጣቸዋል።

መዝገቧ

አንድ ማህደር ያዘጋጁላት። የክትባት ካርዷ፣ የእያንዳንዱ ምርመራ ውጤት ከነቀኑ፣ የአልትራሳውንዱ ጽሑፍ ይግቡበት። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን በሚሊግራም፣ ሰዓቱንና አሰጣጡን በራስዎ ቃል ይጻፉ። ክብደቷ ስንት ነው? በቀን ምን ያህል ትበላለች? ምን ዓይነት አሸዋ ላይ ትጸዳዳለች? ሲያማት ምን ትሆናለች? ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ድመት ሕመሟን ትደብቃለችና፣ እርስዎ በዓመታት ያስተዋሉት ነገር (ጆሮዋን ወደ ጎን መጣሏ፣ ጀርባዋን ሰጥታ መቀመጧ፣ ራሷን መላስ ማቆሟ) ሐኪም በአሥር ደቂቃ የማያገኘው እውቀት ነው።

ወጪውንም ይጻፉ፤ በወር ለምግብ፣ ለመድኃኒት፣ በዓመት ለደም ምርመራ ስንት እንደሚያስከፍል ሳይሸራርፉ ያስቀምጡት። የእንስሳት መድን ከውሉ በፊት የነበረ በሽታን በተለምዶ አይሸፍንም። «መድን ይገቡላታል» ብሎ ተቀባዩን ማጽናናት እሱንም እሷንም መጉዳት ነው። አቅሙ ካለዎት የመጀመሪያውን ዓመት የኩላሊት ክትትል እኔ እከፍላለሁ ማለት ይችላሉ። ግልገሎቿን ሸጠው ገንዘብ ላገኙ ሰው ይህ የሚከብድ አይመስለኝም።

ለማን?

መጀመሪያ ግልገል የወሰዱልዎትን ሰዎች ያስቡ፤ ዝርያውን ያውቃሉ፣ አንዳንዶቹም እናቲቱን አይተው ወደዋታል። የዝርያው ማኅበራትም ለእንዲህ ያሉ ድመቶች ቤት የሚያፈላልጉ አባላት ሊኖሯቸው ይችላል። «በነጻ የምትሰጥ» ብሎ ማስታወቂያ ማውጣትን ግን እቃወማለሁ፤ ፐርሺያን መሆኗን ብቻ አይቶ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው።

ጥሩው ቤት ጸጥ ያለ፣ አብዛኛውን ቀን ሰው የማይጠፋበት፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት የሚችል ሰው ያለበት ነው። ጡረታ የወጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይስማሟታል፤ እነሱ ቢታመሙ ማን እንደሚይዛት ግን ይጠይቁ። የሚጠቀሙበትን የእንስሳት ሐኪም ይጠይቁና ፈቅደውልዎት ያነጋግሩት። ቤቱን ሄደው ይዩ። አንድ ሰው ስለ ሕመሟ ሲነገረው ብዙ ጥያቄ ከጠየቀ ደስ ይበልዎት፤ የሚያሳስበኝ «ችግር የለም» ብሎ የሚያልፈው ነው።

ተቀባዩ እንደ እኛው ኢትዮጵያዊ ከሆነ ፊት ለፊት የምነግረው አለ። አፍንጫዋ የተደፈጠጠና በየጊዜው የሚዘጋ ድመት ባለችበት ክፍል ዕጣንና ከሰል አይጨስም፤ ቡናው ይፈላ፣ እሷ ግን በር የሚዘጋበት ሌላ ክፍል ትኑር። ወጥ አትቅመስ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ተቁላልቶም ሆነ ተፈጭቶ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ሥጋውን ከመረቁ አውጥቶ ማጉረስም አያድናትም። እንግዳ ይዞት የሚመጣ ሊሊ አበባ ቤት እንዳይገባ፤ ቅጠሉም፣ አቧራው የመሰለው የአበባ ዱቄትም፣ የቆመበት ውሃም የድመትን ኩላሊት ይገድላል። ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ ድመትን ሊገድል ይችላል። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጥ ፐርሜትሪን ያለበት ጠብታም እንዲሁ።

ወረቀቱ

በእንግሊዝ ከጁን 10 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜዋ ከ20 ሳምንት ያለፈ ድመት ሁሉ ማይክሮቺፕ ሊኖራትና የያዛት ሰው አድራሻ በመረጃ ቋቱ ላይ ሊመዘገብ ግድ ነው፤ ያላደረገ እስከ 500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ስለዚህ ድመቷ በምትሄድበት ቀን አብራችሁ ስሙን አዛውሩ። የድመት ዝርያ መዝጋቢ በሆነው በጂሲሲኤፍ የተመዘገበች ከሆነች የባለቤትነት ዝውውሩን እዚያም ያስመዝግቡ። ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ለመራቢያ እንዳትውል፣ የተዘረዘሩት በሽታዎች ለተቀባዩ እንደተነገሩት፣ መያዝ ካልቻለም ወደ እርስዎ እንደምትመለስ። ሁለታችሁም ፈርሙበት። ሐኪምዎም የሕክምና ታሪኳን በቀጥታ ለአዲሱ ሐኪም እንዲልክ ይጠይቁት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

በአንድ ክፍል ትጀምር። ያልታጠበ ብርድ ልብሷ፣ የለመደችው ምግብና አሸዋ አብረዋት ይሂዱ። ጠርዙ ዝቅ ያለ ሰፊ የመጸዳጃ ሣጥን፣ ከምግቧ ራቅ ብሎ። መደበቂያ ሣጥን አንድ ጥግ ላይ። ኩላሊቷ የታመመ ድመት ብዙ ስለምትጠጣ ውሃ በሁለት ሦስት ቦታ ይቀመጥ።

ለተቀባዩ ሁለት ነገር አስቀድመው ይንገሩት። አንደኛ፣ ድመት መጾም አትችልም። 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልበላች ሐኪም ጋ ይደወል፤ በተለይ ወፈር ያለች ድመት ለጥቂት ቀን ካልበላች ስብ በጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል። ሁለተኛ፣ ከሄደች ሳምንት ገደማ በኋላ ማስነጠስና ዓይኗ ማንባት ሊጀምር ይችላል። በእርባታ ቤት ያለፉ ብዙ ድመቶች የሄርፐስ ቫይረስን በሰውነታቸው ይዘው ይኖራሉ፤ ጭንቀት ሲያገኛቸው ያገረሽና ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ይህን ያልሰማ ሰው የታመመች ድመት ሰጡኝ ብሎ ያዝናል፤ የሰማ ሰው ዓይኗን እየጠረገ፣ ምግቧን ሞቅ አድርጎ ሽታው እንዲነሣ እያደረገ ይንከባከባታል። መብላት ካቆመች ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ግን የዚያኑ ቀን ሐኪም ትታይ።

በየሳምንቱ ትመዘን። ከዓይን በፊት ሚዛን መክሳቷን ያውቃል። እርስዎ በስልክ ይገኙ፣ ፎቶ ይጠይቁ፤ ሄደው ለመጎብኘት ግን አይቸኩሉ፣ አዲሱ ቤት ቤቷ መሆኑን እስክትቀበል ድረስ።

ሰው ካልተገኘላት

ወራት አልፈው ማንም ላይመጣ ይችላል። ያኔ ሌላ ሰው ቤት ትኑር፣ ሐኪሟንና ምግቧን እርስዎ ይክፈሉ፤ ይህን የሚቀበሉ ሰዎች ሙሉ ኃላፊነት ከሚወስዱት ይልቅ ይገኛሉ። ከ1927 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የድመቶች በጎ አድራጎት ድርጅት ካትስ ፕሮቴክሽን በመላው ብሪታንያ ድመቶችን ይቀበላል፤ ማህደሯን ይዘው ቢሄዱ ለእነሱም ለእሷም ይቀልላል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎችን ደግሞ ፒዲኤስኤ የሚባለው የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት በሕክምና ይረዳል፤ ብቁ መሆን አለመሆንዎን ድመቷን ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ፣ ምናልባት የጎደለው ገንዘብ ብቻ ከሆነ ከእርስዎ መለየት የለባትም። ሕመሟ በመድኃኒት የማይታገስ ከሆነ ደግሞ እቅፍዎ ውስጥ እንዳለች ሐኪሙ በሰላም እንዲያሰናብታት መፍቀድ ሊኖርብዎ ይችላል። እንግዳ ቤት ሄዳ ከምትሠቃይ ይህ ይሻላታል።

ፒኬዲ ተገኝቶባት ከሆነ ድመቷ ቤት ካገኘች በኋላ አንድ ሥራ ይቀርዎታል። የኩላሊቱ በሽታ ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚይዝ ዓይነት ነው፤ አባቱ ነጻ ቢሆን እንኳ ከያዛት እናት የተወለደ እያንዳንዱ ግልገል የመያዝ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ግልገሎቿን የወሰዱትን ሰዎች ዝርዝር ያውጡና ለእያንዳንዳቸው ይጻፉ፦ የምርመራውን ስም፣ ውጤቱን፣ ቀኑን፣ የግልገሎቹ እናት አሁን በምን ሁኔታ እንዳለች። ግልገሉ በጂን ምርመራና በአልትራሳውንድ እንዲታይ ይምከሩ፣ ለመራቢያ የያዙት ካሉም ውጤቱ እስኪመጣ እንዳያዳቅሉ ይንገሯቸው። እርስዎ ቤት የቀሩትን ሴት ልጆቿንም በዚያው ሳምንት ያስመርምሩ።